ቁልፉ ለሁሉም ነው ወይስ ለጠየቀ?
በፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች የአማራጭ ቁልፍ ጉዳይ፦ ዳሰሳ

አንድን ዳታ ሁለት ትሬዶች፣ ማለትም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት የሥራ መስመሮች፣ በአንድ ጊዜ ሲነኩት እንዳይበላሽ መቆለፍ እንደሚያስፈልግ ማንም አይከራከርም። ክርክሩ የሚነሳው ቁልፉን ማን ይያዘው ሲባል ነው። የላይብረሪው ጸሐፊ ለተጠቃሚው ሁሉ አስቀድሞ ይቆልፍለት? ወይስ ምንም ሳይቆልፍ ይተወውና የቸገረው ራሱ ይቆልፍ? ወይስ «ስትፈልግ ቆልፍ፣ ሳትፈልግ ተወው» ብሎ ምርጫውን ለተጠቃሚው ይስጥ? ጃቫ፣ ፓይተን፣ ሊስፕ፣ ስካላ፣ ሀስኬል፣ ኦካምል ሁሉም መልስ ሰጥተውበታል፤ አንዳንዶቹም የሰጡትን መልስ ቆይተው ገልብጠዋል።

ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው ፋንክሽናል በሚባሉት ቋንቋዎች ላይ ነው። አንዴ የተፈጠረ ዋጋ አይለወጥም የሚለውን መርህ ስለሚከተሉ ከቁልፍ ጣጣ ነፃ ናቸው ሲባል ይሰማል። ወሬው ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ያላዩ ሰዎች የጻፉት ፕሮግራም ሲፈተን አልፎ፣ ሥራ ላይ ሲውል ይሳሳታል። የዳሰሳውን መደምደሚያ አስቀድሞ መናገር ይሻላል፦ ቁልፍ አማራጭ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ምርጫው ግን በማኑዋል ሳይሆን በታይፑ ላይ መጻፍ አለበት። «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሥራ ሁለት ሳጥን ቲማቲም

የፒያሳውን አትክልት ተራ የሚያውቅ ሰው ችግሩን ቶሎ ይረዳዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ሃይሌ ጋርመንት እስኪዛወር ድረስ ቲማቲሙም፣ ሽንኩርቱም፣ ድንቹም በጅምላ የሚራገፈው እዚያ ነበር። እዚያ የሚሠራ አንድ የጅምላ ነጋዴ እናስብ። ሌሊት ከመቂ የገባው አይሱዙ ያራገፈው ቲማቲም ሲሸጥ አርፍዶ፣ መዝገቡ ላይ 12 ሳጥን ቀርቷል። አንዱ ሠራተኛ በር ላይ ቆሞ ለቸርቻሪ ይሸጣል፤ ሌላው ከውስጥ ሆኖ በስልክ የሆቴሎችን ትዕዛዝ ይቀበላል። የበሩ ሠራተኛ መዝገቡን አየ፤ 12 ይላል፤ 8 ሸጠ። በዚያው ቅጽበት የስልኩም ሠራተኛ አየ፤ እሱም 12 አነበበ፤ 10 ሸጠ። የመጀመሪያው ከ12 ላይ 8 ቀንሶ 4 ጻፈ። ሁለተኛው ከ12 ላይ 10 ቀንሶ በላዩ 2 ጻፈ። መዝገቡ 2 ሳጥን ይቀራል ይላል፤ የተሸጠው 18 ነው፤ የነበረው ደግሞ 12። ማንም አልሰረቀም፤ መቀነስ ያልቻለም የለም። ጥፋቱ ያለው አይቶ እስኪጽፍ ባለችው ክፍተት ውስጥ ነው።

በፕሮግራም ውስጥ ሁለቱ ሠራተኞች ሁለት ትሬዶች ናቸው፤ መዝገቡ የጋራ ሜሞሪ ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1965 በጽሑፍ ካስቀመጠው ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። መዝገቡን መንካት የፈለገ መጀመሪያ ቁልፉን ይወስዳል፤ አይቶ፣ ቀንሶ፣ ጽፎ ይመልሳል፤ ሌላው እስከዚያ ይጠብቃል። ፕሮግራመሮች ይህን ቁልፍ ሚውቴክስ ይሉታል።

ቀሪ ሒሳብን ማየትና መቀነስ ሲለያዩ ምን እንደሚከተል አገራችን በቅርቡ አይታለች። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ተዛምቶ ተማሪዎች በኤቲኤም ደጃፍ ተሰልፈው አደሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ ብልሽቱም ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንደሆነ አስታውቋል። ስለዚህ የቁልፍ ጉድለት ነበር ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ «ብር አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄና «ቀንስ» የሚለው ትዕዛዝ አንድ ሆነው መሄድ ሲያቅታቸው ሒሳቡ የት እንደሚደርስ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ታዲያ ሁሉንም ነገር ቆልፎ መገላገል ለምን አይቻልም? ቁልፍ በነፃ ስለማይገኝ ነው። ማንም ሳይሻማበት ሚውቴክስን ይዞ ለመልቀቅ አሥር ወይም ሃያ ናኖ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ናኖ ሰከንድ የሚያልቅ ሥራ ላይ ሲጨመር የሥራውን ዋጋ ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። ሽሚያ ካለ ደግሞ ጥበቃው ወደ ማይክሮ ሰከንዶች ይወጣል። ሁለተኛው ዕዳ መተናነቅ ነው፤ አንዱ የቲማቲሙን መዝገብ ይዞ የሽንኩርቱን ሲጠብቅ፣ ሌላው የሽንኩርቱን ይዞ የቲማቲሙን ቢጠብቅ ሁለቱም እንደቆሙ ይቀራሉ። ሦስተኛውን ዕዳ ደግሞ በአንድ ትሬድ ብቻ የሚሠራው ፕሮግራም ይከፍላል፤ ለማያስፈልገው ጥበቃ ዘበኛ ቀጥሮ ደመወዝ ይቆርጣል። የአማራጭ ቁልፍ ሐሳብ የተወለደው ከዚህ ከሦስተኛው ነው።

የማይለወጥ ዋጋ የት ድረስ ያድናል

ፋንክሽናል ቋንቋ ለጥያቄው ቀላል የሚመስል መልስ አለው፦ መዝገቡን አትደልዘው። ቲማቲም በተሸጠ ቁጥር አዲስ መዝገብ ጻፍ፣ አሮጌውን እንዳለ ተወው። የማይለወጥን ነገር ሺህ ትሬድ ቢያነበው አይበላሽም። ሪች ሂኪ በ2007 ያወጣው ክሎጀር የቆመው በዚህ መርህ ላይ ነው፤ ዝርዝሩም፣ ማፑም፣ ቬክተሩም አይለወጥም። አዲሱ መዝገብ ከአሮጌው ጋር አብዛኛውን አካሉን ስለሚጋራ የመገልበጡ ወጪ እንደሚፈራው አይከብድም።

ኤርላንግ ከዚህም ይርቃል። በ1986 በስዊድኑ ኤሪክሰን ውስጥ ጆ አርምስትሮንግና ባልደረቦቹ ለስልክ ማዞሪያ የጀመሩት ቋንቋ ነው፤ ሂደቶች ሜሞሪ አይጋሩም፣ መልእክት ብቻ ይላላካሉ። በየቤቱ የምንጠቀምበት የዋትሳፕ ሰርቨር የተሠራው በኤርላንግ ነው።

ነገር ግን ፍጹም ንጹሕ ቋንቋም ቢሆን ሦስት ቦታ ላይ ከሚለወጥ ሜሞሪ ጋር ይገናኛል። አንደኛው ፋይልና ስክሪን ነው፤ የሚጻፈው ነገር መጀመሪያ በቋት ይጠራቀማል፣ ቋቱ ደግሞ ይለወጣል። ሁለተኛው ለፍጥነት ሲባል የሚገቡ ሀሽ ቴብሎችና ወረፋዎች ናቸው። ሦስተኛው ስንፍና ነው፤ «ሲፈለግ ይሰላል» ተብሎ የተተወ ስሌት ሲሰላ ውጤቱ በቦታው ይተካል፣ መተካት ደግሞ መለወጥ ነው። ኤርላንግም ቢሆን ኢቲኤስ የሚባል የጋራ ሠንጠረዥ አለው፤ ሠንጠረዡ ሲፈጠር በአንድ ጊዜ ብዙ ንባብ ወይም ብዙ ጽሕፈት እንዲያስተናግድ በአማራጭ ይታዘዛል፣ የውስጡ አቆላለፍም በዚያ ይወሰናል። ከደጅ የተባረረው ጥያቄ በጓሮ ገብቷል።

አምስት ዓይነት መልስ

ቋንቋዎቹ የሰጡት መልስ በአምስት ሊመደብ ይችላል።

የመጀመሪያው ለሁሉም መቆለፍ ነው። ጃቫ በ1996 ሲወጣ ቬክተርና ሀሽቴብል የተባሉት ክምችቶች በያንዳንዱ ሥራ ላይ ይቆልፉ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በ1998 የማይቆልፉት አሬይሊስትና ሀሽማፕ መጡ፤ በ2004 ደግሞ በሚቆልፈው ስትሪንግ በፈር ጎን የማይቆልፈው ስትሪንግ ቢልደር ቆመ። ዛሬ የድሮዎቹን በአዲስ ኮድ ውስጥ የሚጠቀም ብርቅ ነው።

ሁለተኛው ለማንም አለመቆለፍና በማኑዋሉ «ለትሬድ አይሆንም» ብሎ መጻፍ ነው። ሀሽማፕ በዚህ ተቀጥቷል። ከጃቫ 8 በፊት ሁለት ትሬዶች እኩል ሲያሳድጉት የውስጡ ሰንሰለት ዞሮ ራሱ ላይ ይገጥምና ፍለጋው ማለቂያ ያጣ ነበር። ሰርቨሩ ሳይወድቅ፣ ስህተት ሳይጽፍ፣ ፕሮሰሰሩን መቶ በመቶ ይዞ ይቀራል። ለፍጥነት ተብሎ ቁልፉ ሲነሳ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይደርሳል።

ሦስተኛው ዕቃው ሲፈጠር መጠየቅ ነው። በኮመን ሊስፕ ቤተሰብ ኤስቢሲኤል ሀሽ ቴብል ሲፈጠር «ሲንክሮናይዝድ» የሚል ምልክት ይቀበላል፤ ከተሰጠው ይቆልፋል፣ ካልተሰጠው አይቆልፍም። ኤፍ ሻርፕ የሚጠቀምበት የዶትኔት «ሌዚ» ደግሞ ሦስት ምርጫ አለው። በአንደኛው ቁልፍ የለም። በሁለተኛው ብዙ ትሬድ ስሌቱን ሊሠራው ይችላል፣ ነገር ግን ቀድሞ የጨረሰው ውጤት ብቻ ይጸድቃል። በሦስተኛው አንድ ትሬድ ብቻ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይጠብቃሉ። መካከለኛው ምርጫ ልብ ሊባል ይገባል፤ ስሌቱ ንጹሕ ከሆነ ሁለቴ መሥራቱ ጊዜ ከማባከን በቀር የሚያበላሸው የለም።

አራተኛው ለፕሮግራሙ በሙሉ አንዴ መወሰን ነው። የሀስኬል ኮምፓይለር ጂኤችሲ ፕሮግራሙን ሲያገጣጥም በብዙ ኮር የሚሠራ ወይም የማይሠራ ማስፈጸሚያ ያስመርጣል። ፓይተን ለብዙ ዓመታት በአንድ ዋና ቁልፍ ኖሮ፣ ያንን ቁልፍ አማራጭ የሚያደርገው ሐሳብ በ2023 ጸደቀ፤ በጥቅምት 2024 የወጣው 3.13 ቁልፍ አልባውን ቅጂ በሙከራ ደረጃ ለብቻው አቀረበ።

አምስተኛው በታይፕ መለየት ነው፤ የሚቆለፈውና የማይቆለፈው ሁለት የተለያዩ ታይፖች ይሆኑና ኮምፓይለሩ እንዳይቀላቀሉ ይጠብቃል። ሀስኬል እዚህ ይመደባል። በፋንክሽናል ቋንቋዎች ጥላ ሥር ያደገው፣ የመጀመሪያው ኮምፓይለሩም በኦካምል የተጻፈለት ረስት ደግሞ መስመሩን አጠንክሮታል። አርሲ የተባለው ቆጣሪ ርካሽ ነው፣ ከአንድ ትሬድ አይወጣም፤ አርክ የተባለው ትንሽ ይወደዳል፣ በትሬዶች መካከል ይሻገራል። የመጀመሪያውን ወደ ሌላ ትሬድ ለመላክ ከተሞከረ ኮዱ ኮምፓይል አይደረግም።

ስካላ በእነዚህ መካከል የተንከራተተ ቋንቋ ነው። በስካላ 2 «ሌዚ ቫል» ሁልጊዜ ይቆልፋል፤ የሚቆልፈው ግን ዕቃውን በሙሉ ስለሆነ ሁለት ሰነፍ ዋጋዎች እርስ በርስ ሲጠባበቁ የመተናነቅ ታሪክ ነበረው። ስካላ 3 በ2021 ሲወጣ ለትሬድ ደኅና መሆኑን እንደ ነባሪ ምርጫ ይዞ የአቆላለፉን ስልት ለወጠ፤ ቁልፍ የማይፈልግ ሰው «ትሬድ አንሴፍ» የሚል ምልክት ከላይ ይለጥፋል። ጃቫ ቁልፉን ለጠየቀ ብቻ ሲያደርግ፣ ስካላ ቁልፍ አልባነቱን ለጠየቀ ብቻ አደረገ። ሁለቱም አማራጭ ናቸው፤ ልዩነቱ ዝም ያለው ሰው የትኛው ይደርሰዋል የሚለው ነው፣ ዝም የሚለው ደግሞ አብዛኛው ነው።

ኦካምል፦ ቁልፉ ሲነሳ የታየው

ጥያቄው እንደ ኦካምል የከበደበት ቋንቋ የለም። ኦካምል በፈረንሳይ የምርምር ተቋም ኢንርያ በ1996 ወጣ። ትሬዶች ነበሩት፤ ነገር ግን በአንድ ዋና ቁልፍ ሥር ስለሚሠሩ በአንድ ጊዜ የሚሮጠው የኦካምል ኮድ አንድ ብቻ ነበር። ይህ የላይብረሪ ጸሐፊዎችን አዝናና። ሀሽ ቴብሉ፣ ወረፋው፣ ቋቱ ያለ ቁልፍ ተጻፉ። ትሬዶች ሲቀያየሩ የሚፈጠር ስህተት ፈጽሞ የለም ማለት ባይሆንም ብርቅ ነበር።

በዚያ ዘመን የአማራጭ ቁልፍን ጉዳይ በግልጽ ያነሳው ባተሪስ የተባለው ሰፊ ላይብረሪ ነው። ባተሪስ «ኖሎክ» የሚባል ምንም የማይቆልፍ ቁልፍ አለው፤ ያዝ ሲሉት ዝም፣ ልቀቅ ሲሉት ዝም። የግብዓትና የውጤት ክፍሉ በቁልፍ ይሠራል፣ በነባሪው ግን ያ ቁልፍ ኖሎክ ነው። ላይብረሪው ከትሬድ ጋር ሲገጣጠም በቦታው እውነተኛ ሚውቴክስ ይተካል፤ ሌላ ዓይነት የትሬድ ሥርዓት ያለው ሰውም የራሱን ቁልፍ ሊያስቀምጥበት ይችላል። ዘዴው ብልኅ ነው፦ ኮዱ አንዴ ይጻፋል፣ ትሬድ የሌለው ፕሮግራም ዋጋ አይከፍልም፣ ያለው ይጠበቃል። እንከኑ ምርጫው የተቀመጠው ለፕሮግራሙ ሁሉ የጋራ በሆነ፣ ሊቀየር በሚችል አንድ ቦታ መሆኑ ነው። አንድን ፋንክሽን የሚያነብ ሰው ተቆልፏል ወይስ አልተቆለፈም የሚለውን ከፋንክሽኑ ማወቅ አይችልም፤ የፕሮግራሙ ሌላ ጥግ የመለሰውን መፈለግ አለበት።

በታኅሣሥ 2022 ኦካምል 5.0 ወጣ፤ ዋናው ቁልፍ ተነሳ፣ «ዶሜይን» የተባሉት ክፍሎች በየኮሩ እኩል መሮጥ ጀመሩ። የሀሽ ቴብሉ ኮድ ግን ያው የድሮው ነው። ምን ሊፈጠር እንደሚችል ቀረብ ብለን እንይ። ሠንጠረዡ 16 ሳጥን አለው እንበል፤ «ሽንኩርት» የሚለው ቃል የሀሽ ቁጥሩ 21 ነው። በ16 ሳጥን ሲሰላ 21 በ5ኛው ቦታ ይወድቃል። አንዱ ዶሜይን «ሽንኩርት»ን ሊያስገባ ቦታውን አሰላ፤ 5 አገኘ። ሳይጽፍ በፊት ሌላው ዶሜይን ሠንጠረዡ ሞላ ብሎ ወደ 32 አሳደገው። የመጀመሪያው ተመልሶ በአዲሱ ሠንጠረዥ 5ኛ ቦታ ላይ ጻፈ። ከዚህ በኋላ «ሽንኩርት» የሚፈልግ ሁሉ በ32 ያሰላል፤ 21ኛው ቦታ ሄዶ ባዶ ያገኛል። ዕቃው መዝገቡ ውስጥ አለ፤ ሲፈለግ ግን የለም። ፕሮግራሙ አይወድቅም፣ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ፕሮግራሙ አለመውደቁ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። እስቲቨን ዶላን፣ ሲቫራማክሪሽናንና አኒል ማዳቫፔዲ በ2018 ባቀረቡት ሥራ መሠረት የኦካምል የሜሞሪ ሕግ ሽሚያ ቢኖርም ጉዳቱ ከቦታውና ከጊዜው እንዳያልፍ አድርጎ ወስኖታል። በሲ ቋንቋ ሽሚያ ማናቸውንም ነገር ሊያስከትል ይችላል፤ በኦካምል የተሳሳተ ዋጋ ሊነበብ ይችላል እንጂ ሜሞሪው ራሱ አይፈርስም። ይህ የአማራጭ ቁልፍን አደጋ ያለዝበዋል፣ አያጠፋውም። በሠንጠረዡ የጠፋው ሽንኩርት አሁንም ጠፍቷል።

የኦካምል አዘጋጆች ለያንዳንዱ ቦታ የተለያየ መልስ መስጠታቸው ከሁሉም ይበልጥ ያስተምራል። የፋይል ቻነሎች ሁልጊዜ ይቆለፋሉ፤ ፋይል መጻፍ ራሱ ውድ ስለሆነ የቁልፉ ዋጋ አይታወቅም። ሀሽ ቴብልና ወረፋ አይቆለፉም፤ በማኑዋሉ ማስጠንቀቂያ ገብቷል፣ ከ5.1 ጀምሮም ሚውቴክስን ይዞ ሥራውን ጨርሶ በስህተት ጊዜም ሳይዘነጋ የሚለቅ «ፕሮቴክት» የተባለ ፋንክሽን ቀርቧል። ሰነፍ ስሌት ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ተሰጠው፤ ሁለት ዶሜይኖች አንዱን ስሌት እኩል ሊያስጀምሩት ከሞከሩ አንዱ ስህተት ተነሥቶበት ይቆማል። በ2024 የወጣው 5.2 ሽሚያን በሙከራ ጊዜ የሚያጋልጠውን ትሬድ ሳኒታይዘርን ጨመረ። መቆለፍ፣ ማስጠንቀቅ፣ ማስቆም፣ ማጋለጥ፤ አንድ ቋንቋ አራቱንም እንደየቦታው ተጠቅሟል።

የመጨረሻው እርምጃ የመጣው ከጄን ስትሪት ነው። ይህ የፋይናንስ ኩባንያ በ2025 ኦክስካምል የተባለ የኦካምል ቅጥያ ለሕዝብ አቀረበ። በዚህ ቅጥያ አንድ ዋጋ ወደ ሌላ ዶሜይን መሻገር ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው በታይፑ ላይ ይጻፋል፤ ኮምፓይለሩም ሽሚያ ያለበትን ኮድ አይቀበልም። ባተሪስ በአንድ የጋራ ቦታ ደብቆት የነበረው ምርጫ ከዓመታት በኋላ በያንዳንዱ ፋንክሽን ፊርማ ላይ ወጣ።

ሀስኬል፣ በአዲስ አበባም

ሀስኬል የኦካምልን ችግር ቀድሞ ያየው ስንፍናው አስገድዶት ነው። በሀስኬል ሁሉም ነገር ሳይሰላ ይጀምራል፤ ስለዚህ በያንዳንዱ ያልተሰላ ዋጋ ላይ ቁልፍ ቢደረግ ፕሮግራሙ በቁልፍ ብቻ ይጥለቀለቅ ነበር። ቲም ሀሪስ፣ ሳይመን ማርሎና ሳይመን ፔይተን ጆንስ በ2005 የመረጡት አለመቆለፍን ነው። ሁለት ትሬዶች አንዱን ስሌት ሁለቴ ቢሠሩት መልሱ አንድ ነው፤ የሚባክነው ጊዜ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመቆለፍ ይረክሳል። ብክነቱ የበዛበት ሰው ኮምፓይለሩን «ቶሎ ምልክት አድርግበት» ብሎ ሊያዝ ይችላል። ፋንክሽናልነት ለቁልፍ ጉዳይ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ይህ ነው፤ ንጽሕና ባለበት መደገም ጉዳት የለውም።

ንጽሕና በሌለበት ደግሞ ሀስኬል ሦስት ታይፕ አለው። አይኦሬፍ የሚለወጥ ቦታ ነው፣ አይቆለፍም። ኤምቫር በ1996 የመጣ ነው፤ ባዶ ወይም ሙሉ ይሆናል፣ የወሰደው ሰው እስኪመልሰው ሌላው ይጠብቃል። ቲቫር ከታች በሚብራራው ግብይት ውስጥ ብቻ ይነበባል፣ ይጻፋል። አንድ ፋንክሽን አይኦሬፍ ሲቀበል አንባቢው ቁልፍ እንደሌለ ከስሙ ያውቃል፤ ማኑዋል ሳይገልጥ።

ይህ ቋንቋ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። የካርዳኖ ብሎክቼይን ገንቢ የሆነው አይኦኤችኬ በ2019 መጀመሪያ ከኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ የሀስኬል ሥልጠና ሰጥቷል፤ ሠልጣኞቹ ከኢትዮጵያና ከኡጋንዳ የተመረጡ ሴቶች ብቻ ነበሩ፣ የኩባንያው የትምህርት ዳይሬክተር ላርስ ብሩንየስ መርቶታል። በ2021 ደግሞ ኩባንያው ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ለአምስት ሚሊዮን ተማሪዎች የዲጂታል መታወቂያ ለማዘጋጀት መስማማቱ ይፋ ሆነ። በዚሁ ከተማ በ2013 የተመሠረተው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት አይኮግ ላብስ በበኩሉ በኦፕንኮግ ፕሮጀክት ላይ ሠርቷል፤ የኦፕንኮግ የእውቀት ቋት አቶምስፔስ ከስኪም ቋንቋ የሚጠራ ሲሆን ቁልፉ በውስጡ ነው፣ ተጠቃሚው አይጠየቅም። ስለዚህ የአማራጭ ቁልፍ ክርክር ለእኛ ባለሙያዎች በወሬ የሚሰማ የባሕር ማዶ ጉዳይ አይደለም።

የካርዳኖ የራሱ ታሪክም ትምህርት አለው። መዝገቡ እንደ ባንክ ሒሳብ በየሰው ስም አንድ ቀሪ ቁጥር አይይዝም፤ ገና ያልወጡ ገንዘቦችን ዝርዝር ይይዛል፣ እያንዳንዱም አንዴ ብቻ ይወጣል። ሁለት ሰው አንዱን ለማውጣት ቢሻማ የመጀመሪያው ያልፋል፣ ሁለተኛው ይመለሳል፤ ቁልፍ የለም፣ መተናነቅም የለም። ነገር ግን በመስከረም 2021 ስማርት ኮንትራት ሲጀመር ሚንስዋፕ የተባለው መገበያያ በሙከራ መረቡ ላይ ተደናቀፈ፤ ብዙ ተጠቃሚዎች አንዱን የጋራ ገንዳ እኩል ሲሹ በአንድ ብሎክ የሚሳካለት አንድ ብቻ ሆነ። ነዳፊዎች ትዕዛዞችን አጠራቅሞ በጅምላ የሚያስፈጽም አካል ጨመሩ። ሽሚያው ቁልፍ ስለሌለ አልጠፋም፤ ወረፋ ሆኖ ተመለሰ።

ቁልፍ ኖሮም የማይበቃበት

ቁልፉን ለሁሉም ያድርጉልን የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ላይብረሪው በያንዳንዱ ሥራ ላይ ቢቆልፍ እንኳ የቲማቲሙ ነጋዴ ችግር አይፈታም። ማንበብ ተቆልፎ ይነበባል፣ 12። መጻፍ ተቆልፎ ይጻፋል፣ 2። ሁለቱም ለየብቻቸው ደኅና ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ሌላው ሠራተኛ ገብቷል። ተጠቃሚው የሚፈልገው «አይተህ፣ ከበቃ ቀንስ» የሚለው ሁሉ አንድ እንዲሆን ነው፤ ይህንን የሚያውቀው ደግሞ ላይብረሪው ሳይሆን እሱ ራሱ ነው። ቬክተርና ሀሽቴብል የተረሱት ስለዘገዩ ብቻ አይደለም፤ የከፈሉት ዋጋ የሚጠበቅባቸውን ስላልገዛም ጭምር ነው።

ሀሪስ፣ ማርሎ፣ ፔይተን ጆንስና ሞሪስ ሄርሊሂ በ2005 ለሀስኬል ያቀረቡት የሶፍትዌር ግብይት ሜሞሪ ወይም ኤስቲኤም ይህንን ለመፍታት ነው። ፕሮግራመሩ የትኛው ቁልፍ መቼ እንደሚያዝ አይጽፍም፤ «ይህ ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ያጥረዋል። ሥርዓቱ ሥራውን ሞክሮ፣ ሌላ ሰው መካከል ገብቶ ከሆነ ከመጀመሪያው ይደግመዋል። ሁለት ትናንሽ ግብይቶች ተጣምረው አንድ ትልቅ ግብይት ይሆናሉ፤ ሚውቴክሶች እንዲህ አይጣመሩም። መደገም እንዲቻል በግብይቱ ውስጥ ፋይል መጻፍ ወይም ሚሳይል መተኮስ መከልከል አለበት፤ ሀስኬል ይህንን በታይፕ ይከለክላል። ክሎጀርም ተመሳሳይ ግብይት አለው፣ ክልከላው ግን በፕሮግራመሩ ጥንቃቄ ላይ የተጣለ ነው። በዚያው በክሎጀር ለጊዜው እንዲለወጡ የሚፈቀድላቸው «ትራንዚየንት» ክምችቶች መጀመሪያ የፈጠራቸው ትሬድ ብቻ እንዲነካቸው ይቆጣጠሩ ነበር፤ በ2015 በወጣው 1.7 ቁጥጥሩ ተነሣ፣ ነፃነት ጨመረ፣ ኃላፊነቱ ወደ ተጠቃሚው ዞረ።

ሚዛኑ

የሁለቱንም ወገን ክርክር ማክበር ይገባል። ለሁሉም ይቆለፍ የሚሉት፣ ሰው ይዘነጋል፣ ማኑዋል አያነብም፣ የትሬድ ስህተት ደግሞ በሙከራ ጊዜ ተደብቆ ሥራ ሲበዛ ይወጣል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ለጠየቀ ብቻ ይሁን የሚሉት አላስፈላጊ ቁልፍ ፍጥነት ይበላል፣ ሐሰተኛ መተማመን ይሰጣል ይላሉ፤ እነሱም እውነታቸውን ነው። ከላይ የታየው ታሪክ ግን ሁለቱን የሚያስታርቅ ነጥብ አለው። የተጎዱት ቁልፍ አማራጭ ስለሆነባቸው አልነበረም፤ ምርጫው በማይታይበት ቦታ ስለተቀመጠ ነው። የጃቫ ሀሽማፕ ምርጫው በማኑዋል ነበር። የባተሪስ በጋራ ቦታ ነበር። የኦካምል 5 ሀሽ ቴብል ምርጫው አሁንም በማኑዋል ነው፣ ያም የቋንቋው ደካማ ጎን ሆኖ ቀርቷል። በአንጻሩ የረስት አርሲና አርክ፣ የሀስኬል አይኦሬፍና ኤምቫር፣ የኦክስካምል ምልክቶች ምርጫውን በፊርማው ላይ ስላወጡት የተሳሳተ ሰው ስህተቱን የሚያውቀው በኮምፓይለሩ ወይም በንባብ ጊዜ ነው፤ ደንበኛው ከመደወሉ በፊት።

ታይፕም ዋጋ አለው። የኦክስካምልን ምልክቶች የሚያነብ ጀማሪ ይደናገራል፤ የረስት ኮምፓይለር ያስለቀሰው ፕሮግራመር ብዙ ነው። የታይፑ ቋንቋ ሲከብድ ሰዎች አቋራጭ ይፈልጋሉ፣ አቋራጩ ደግሞ ተመልሶ ወደ ድሮው ችግር ይወስዳል። የሊስፕ ቤተሰብም ኮምፓይለር የሚፈትሸው ታይፕ ስለማይጠይቅ የፍጥረት ጊዜ ምልክት ከማድረግ የተሻለ መንገድ የለውም፤ ለእሱ የኤስቢሲኤል መልስ በቂ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለሥራ የሚሆን ነገር ይወጣል። የክፍያ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ወይም የትኬት ሲስተም በፋንክሽናል ቋንቋ የሚጀምር ቡድን ሦስት ነገር አስቀድሞ ይወስን። የማይለወጠውን ሁሉ ሳይቆልፍ ይተወው፤ ይህ የኮዱ አብዛኛው ክፍል ነው፣ ፋንክሽናል ቋንቋ የተመረጠውም ለዚህ ነው። የሚለወጠውን በጥቂት ሞጁሎች ሰብስቦ፣ የሚቆለፈውንና የማይቆለፈውን በተለያየ ታይፕ ወይም ቢያንስ በተለያየ ስም ይለየው። ቁልፉን ደግሞ በትንሿ ሥራ ላይ ሳይሆን ደንበኛው እንደ አንድ በሚቆጥረው ሥራ ላይ ያድርገው፤ «አንብብ» እና «ጻፍ» በሚሉት ላይ ሳይሆን «ሽጥ» በሚለው ላይ። ቋንቋው እነዚህን ሦስቱን በኮምፓይለር ካስከበረለት ቡድኑ ዕድለኛ ነው። ካላስከበረለት ግን ኮድ ሲገመገም ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ይህን ሌላ ትሬድ ይነካዋል ወይ?» የሚለው ይሁን፤ መልሱም በገምጋሚው ጭንቅላት ውስጥ ሳይቀር በኮዱ ላይ ይጻፍ።